ቀይ ጭስ ማውጫ የነበራት ጎታች ጀልባ

ሆሳዕና፣ ኅዳር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እናቴ
ዱራሜ

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚያስቸግርዎ ጉልበትዎ ዘንድሮ እንዴት አደረገዎት? ጣቢታስ፣ ከብቶቹስ፣ እንሰቱስ ደህና ነው? እኔ በጌታ ቸርነት አለሁ። አስተምራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

የላኩልኝን ቅቤ ባለሱቁ ብዙነህ ከዱራሜ ገበያ ሲመለስ ሱቁ ጠርቶ ሰጠኝ። መልእክትዎንም ነገረኝ። ስለ ተረፈ አዲስ አበባ አቤቱታ ሊያስገቡ መሆኑን፣ ልጅዎ ሰላይ እንዳልነበረ የሚመሰክር ሰው እንደሚያስፈልግዎት፣ ያም ሰው እኔ እንደሆንኩ። ቅቤውን እስካሁን አልነካሁትም።

ጣቢታ፣ ይህን ለእናትሽ ስታነቢላቸው ምንም አትዝለይ። ከከበደሽ ዐረፍ በይና ቀጥይ።

እናቴ፣ አስተማሪ ከመሆኔ በፊት አሰብ ወደብ ላይ ጭነት የምመዘግብ ጸሐፊ እንደነበርኩ ያውቃሉ። የሆመቾ ልጅ ነኝ፤ ክረምት ከሚሞላ ወንዝ በቀር ውሃ አላየሁም ነበር። ሌላው ሰው በመርከቦቹ ትልቅነት ይደነቅ ነበር፤ እኔን የማረኩኝ ግን ጎታቾቹ ናቸው። ትልቅ መርከብ ወደብ ሲደርስ ራሱን ችሎ አይጠጋም። ትናንሽ ጎታች ጀልባዎች ይወጡና በገመድ እየሳቡ፣ በአፍንጫቸው እየገፉ ያስገቡታል። ጎናቸው ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ሲወጠር ውሃው ከውስጡ ተጨምቆ ይንጠባጠባል፤ የሞተራቸው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ይመታ ነበር። ምሳዬን ትቼ አያቸዋለሁ።

ተረፈ ቀይ ጭስ ማውጫ ባላት ጀልባ ላይ ገመድ ወርዋሪ ነበር። አንድ ቀን ከላይ ሆኖ አገርህ የት ነው አለኝ። ሆመቾ ስለው ሳቀ። እኔ የዱራሜ ነኝ፣ ሰው ቆንጆ ሴት ያያል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው ቆሻሻ ጀልባ ላይ የምታፈጠው አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። አለቃው በሌለበት እሁድ ያሳፍረኝ ነበር። አንዴ መሪውን አስይዞኛል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደብተር ያዝኩ። የትኛዋ ጎታች የትኛውን መርከብ በስንት ሰዓት እንዳስገባች፣ የመርከቡን ስምና ባንዲራ እጽፋለሁ፤ እስላለሁም። ለምን ቢሉኝ፣ እወዳቸው ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ሲበረታ መሣሪያ የጫኑ መርከቦች መጡ። እነሱንም ጻፍኩ። ተረፈ ይህን ነገር አቃጥለው እያለ ሦስት ጊዜ ለመነኝ። አላስችል አለኝ። የየቤቱ ፍተሻ ሲጀመር፣ ጀልባ ላይ ማን ይፈትሻል ብዬ፣ ደብተሩን እዚያ ካለው ሣጥኑ ውስጥ እንዲያኖርልኝ እኔ ለመንኩት። እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ እርስዎ ነዎት ያሳደጉት።

በሳምንቱ ጀልባዋን ፈተሹ።

ቢሮ ጠሩኝ። ተረፈ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ከንፈሩ አብጧል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። የኔ ነው ብሏቸዋል። ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው ቢጽፈው የሥራ ማስታወሻ ይመስላቸዋል ብሎ ይሆናል። መርማሪው አብራችሁ አይደል የምትኖሩት፣ የእጅ ጽሑፉ የሱ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ተረፈ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። ከአሰብ የመጡልዎትን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ጣቢታ፣ አውጪያቸውና ከዚህኛው ጋር አስተያዪ።

አዎ፣ የሱ ነው አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ መሬት አቀረቀረ።

አሥራ አንድ ቀን ስንቅ አመላለስኩለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘበኛው ሳህኑን እንደሞላ መልሶ፣ ከእንግዲህ እንዳታመጣ አለኝ። ጃኬቱንም ሰጠኝ። እኔ ለእርስዎ ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወረ ብዬ ጻፍኩ። ዘበኛው ተዛወረ አላለኝም።

ሁለት ዓመት ልጄ ሲሉኝ አቤት እያልኩ ኖርኩ። ዱራሜ በመጣሁ ቁጥር የሱ አልጋ ላይ አስተኝተውኛል። ለገና ጣቢታን ለእኔ ሊጠይቁ ሊመጡ የነበሩትን ሽማግሌዎች አስቀርቻለሁ። ጣቢታ፣ ሌላ ምክንያት እንዳይመስልሽ።

ጃኬቱን ለብዙነህ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልዎታል። አላጠብኩትም። ከደብዳቤው ጋር የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። ደብተሩ የኔ እንደነበረ፣ መርማሪው ፊት የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ በሙሉ ስሜ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከአቤቱታው ጋር ያያይዙት። ምን እንደሚያስከትልብኝ አውቃለሁ፤ ብዙነህም አንብቦት፣ አስበህበታል ወይ ብሎኛል። አስቤበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ነኝ። የትም አልሄድም።

ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ይህን መለመን ሌላ ሸክም ይሆንብዎታል። ጌታ ጉልበትዎን ያበርታልዎት። ጣቢታን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎት። ደጃፍዎ ሰው አይጣ።

አሰብ ከልጅዎ ጋር አንድ ቤት የኖረው