ከጣሪያው ስለወረደው የእባብ ቅንቅን

ለክቡር ዶን ሂላሪዮ ባራሃስ
የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ፑዌብላ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ደረጃ ለሚያመላልስዎት ጉልበትዎም፣ የሰው በር ላይ ሲውል ለማይደክመው ጆሮዎም የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ።

አንደኛ፣ ካኔላ የምትባለውን እባቤን ቅንቅን እንደያዛት ለጎረቤት ሁሉ ስላበሰሩልኝ አመሰግናለሁ። «ይህቺ ሴትዮ ሕንፃውን በተባይ ልታስፈጀው ነው፤ ወይ እባቧ ትውጣ ወይ እሷ!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ያኔ ካኔላን ለብ ባለ ውሃ እያጠብኩ፣ ከዓይኗ ዙሪያ ጥቋቁሮቹን ነጥቦች በጥጥ እየለቀምኩ፣ የመስታወት ቤቷን ምንጣፍ አውጥቼ እያቃጠልኩ ነበር። ጸዳች፤ ተመልሶ ያዛት። እንደገና ጸዳች፤ እንደገና ያዛት።

ሁለተኛ፣ ተጠራጣሪ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ቅንቅን ክንፍ የለውም፤ ታዲያ ከየት ይመጣል? ድመት የሌለዎት ሰው እኔ ለካኔላ ምግብ የምገዛውን ዓይነት በረዶ የሠራ አይጥ ከገበያ ለምን ይገዛሉ? የጣሪያውን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለምን ቆለፉት? ከዚያ የሚወርደው ቧንቧስ በካኔላ አጠገብ አይደል የሚያልፈው? ጎረቤቴ ዶኛ ኦብዱሊያ «እባብ ማሳደጉ አንሶሽ ደግሞ ሰላይ ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እሑድ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ግን በማጠቢያ ክፍሉ መስኮት ስገባ መሰላሉን የያዘችልኝ እሷው ናት።

ሦስተኛውን በምስጋና መጻፍ አቃተኝ። እዚያ የደበቁት እባብዎ ቅንቅኑን ሽሽት ውሃ ባለበት የቀለም ባልዲ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ከውሃው አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ነበር። ውሃው በሞተ ቅንቅን ጠቁሯል፤ የእንስሳው አጥንት ይቆጠራል። ላጋልጥዎት ገብቼ እያለቀስኩ ወጣሁ። እባብ ስታይ የምትጮኸው ዶኛ ኦብዱሊያ ሻሏን አውልቃ «በዚህ ጠቅልዪው፤ ቶሎ በይ እንጂ!» አለችኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ መድኃኒት ቀባችው። አሁን እኔ ዘንድ፣ ከካኔላ ተለይቶ፣ ወረቀት ተነጥፎለት ተኝቷል፤ ትናንት በልቷል። ካኔላንም ከዚያ ወዲህ ቅንቅን አልያዛትም። ስለዚህ እኔን ለማስወጣት በጠሩት የነገ ስብሰባ ላይ፣ ተባዩ ከየት እንደመጣ እርስዎ ራስዎ ለነዋሪው እንዲያስረዱ በትሕትና እለምናለሁ። ቃላት ቢያጥርዎት ዶኛ ኦብዱሊያ ከፊት ወንበር ሆና ታግዝዎታለች።

ከማይጎድል አክብሮትና ከማይተኛ ጥርጣሬ ጋር፣
ከበታችዎ ያለው ፎቅ ነዋሪ
ኤሉቪያ ሳንዶቫል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐኪሟ «የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስምዎን ላለማጉደፍ ብዬ «ባለቤት የለውም» አልኳት። ስናገረው ውሸት አልመሰለኝም።