መርፌ የሚፈራው መርፌ ሻጭ

ውድ ባለቤቴ ለተብርሃን፣ ለተይ፤

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የደብዳቤ ወግ «እንደምን አለሽ» ማለት ነበር፤ እኔ ግን መልስ የማላገኝበትን ጥያቄ መጠየቅ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስለዚህ የእኔን ወሬ ልንገርሽ። የምጽፈው በዚያው በዕለት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ነው፤ አሁንም በአማርኛ። በትግርኛ እየኖርኩ በአማርኛ ስጽፍ ትስቂብኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ ብዕር መያዝ የተማርኩት በአማርኛ ነውና እጄ ሌላ አልለመደም።

ቤቱ ደህና ነው። ከአልጋው በላይ ያፈስ የነበረውን ጣሪያ አስደፍኛለሁ። የሱቁን በር ሰማያዊ ቀብቼዋለሁ፤ አንቺ አረንጓዴ ነበር የምትፈልጊው፣ የተገኘው ሰማያዊ ሆነ። ከምጽዋ የሚመጡት ማኪናዎች ስለ በዙ ዚፕም ቁልፍም በየቀለሙ አለኝ። ከሜዳ፣ ከውጊያው የተመለሱት ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ማታ ማታ ደብተራቸውን ይዘው በሰፈራችን በዓባ ሻውል ጠባብ መንገዶች ሲያልፉ አያቸዋለሁ። ያንቺ ደንበኞች ግን ከእንግዲህ የሚመጡ አይመስለኝም። የዛሬ ልጃገረዶች ግንባራቸውንም ድዳቸውንም መነቀስ ትተዋል። በጦርነቱ ጨለማ ጊዜ አንድ ቀን ሦስት ሙሽራ የነቀስሽበት በርጩማ አሁን የውሃ ጀሪካን ማስቀመጫ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ግን ስለ በርና ስለ ጣሪያ ልነግርሽ አይደለም። የገባሁልሽ ቃል የት እንደ ደረሰ ላሳውቅሽ ነው።

የተዋወቅንበትን ቀን ደብተሬ ላይ አሁንም አነባለሁ። መርፌ ላደርስልሽ ቤትሽ መጣሁ። ሦስቱን መርፌ በክር አስረሽ፣ ጥላሸቱን በጣባ በጥብጠሽ፣ የአንዲትን ልጅ አንገት ትነቅሺ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አንዴ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት ጣሪያሽን ነው። ስወድቅ የውሃ እንስራሽን ሰብሬ ነበር። ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሽ፣ መርፌ በደርዘን የሚሸጥ ሰው መርፌ ሲያይ እንዴት ይወድቃል ብለሽ ልጅቷን ጠየቅሻት። እኔን ብትጠይቂኝ ይሻል ነበር፤ መልሱን ግን እኔም አላውቀውም። ከወረቀት ላይ ስነቅለው ዕቃ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ግን ጆሮዬ ይጮኻል፣ መሬት ላይ እገኛለሁ። ከተጋባን በኋላም ሰው ሊነቀስ ሲመጣ ባርኔጣዬን አንስቼ ወደ ፎርቶ ኮረብታ እወጣ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ዳገቱን ስወጣ ሲያይ አንቺ ሥራ ላይ እንደሆንሽ ያውቃል።

በመጨረሻው ክረምት እጅሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መርፌዎቹን ለተማሪሽ ለምሕረት ሰጠሻት። ያን ቀን ክንዴን ይዘሽ የተናገርሽውን በቃልሽ እንዳለ ጽፌዋለሁ፦

«የስንቱን ሰው ክንድ አሳምሬ የባሌን ባዶ ትቼ ልሂድ?»

ምሕረት ክንዴ ላይ መስቀል እንድትሠራልኝ ቃል ገባሁልሽ። ከዚያ ሰበብ አበዛሁ። መጀመሪያ ሐዘኑ ይብረድ አልኩ፤ ቀጥሎ ሙት ዓመትሽ ይለፍ አልኩ። አንድ ደንበኛ እንዲህ ቢያመላልሰኝ ከሱቄ አባርረው ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ምሕረት ሱቅ መጣች። በጥር አግብታ ከረን ልትሄድ ነው። ባሏ ሹፌር ነው፣ ደህና ሰው ይመስላል፤ ግን በቤቱ ደም የሚታይበት ሥራ እንደማይፈልግ ነግሯታል፤ እሷም ተስማምታለች። ለመጋረጃዋ ክር ስመትርላት አሰብኩ፤ ያንቺን አሠራር ከአንቺ እጅ የተማረች ከእሷ ሌላ የለችም። ጥር ካለፈ ቃሌም አለፈ። እዚያው ቀን ቆረጥን፣ ለሚመጣው ዓርብ።

አሁን የሠራሁትን ስሕተት ልንገርሽ። የገና ጾም ነበር። መስቀል ጠግቤ አልነቀስም ብዬ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም ሳልቀምስ ዋልኩ። ተኝቼ መነቀስም ነውር መሰለኝ፤ ቀና ብዬ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ሰው እንዳያይ ተዘግቷል። ምሕረት በስንደዶ ቅርጹን ነድፋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ስትወጋ ትዝ ይለኛል። ሦስተኛውን አላውቀውም። ስነቃ ከጀሪካኑ ጎን ነበርኩ፣ ግንባሬ አብጧል፣ ምሕረት መርፌውን ወርውራ ታለቅሳለች። የለተብርሃንን ባል ገድዬ ሙሽራ አልሆንም አለች። እቃዋን ሰብስባ ሄደች።

ልብስ ሰፊው ዘርኣይ እብጠቴን ሲያይ ሳምንቱን ሙሉ መሳቂያ አደረገኝ። ክር ሊገዛ በመጣ ቁጥር መርፌውን በወረቀት ጠቅልዬ እንድሰጠው ይለምነኛል፤ እንዳላየው ብሎ አስቦልኝ መሆኑ ነው። ታውቂዋለሽ፣ ቀልዱ እንደ ስፌቱ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይፈታም።

እኔ ግን አልተናደድኩም። ሱቁን ዘግቼ የድሮ ደብተሮቼን ሁሉ አወጣሁ። አንድ ዕቃ ሳይሸጥ ሲቀር ነጋዴ ገበያውን አይረግምም፤ የትኛው ቀን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንዳልሸጠ ያያል። ራሴን የሳትኩባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ፈለግሁ። አሥራ አንድ ሆኑ። ዘጠኙ ሳልበላ ነው። ሁሉም ቆሜ ወይም ተቀምጬ ነው። ተኝቼ የወደቅሁበት አንድም የለም፤ ክሊኒክ ጋደም ብዬ መርፌ የተወጋሁ ጊዜ ምንም አልሆንኩም። ለካ የምፈራው መርፌውን ቢሆንም የሚጥለኝ ሌላ ነው። ክሊኒኩ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኋት። ጥሩ በልተህ ና፣ ተኛ፣ እግርህን ከፍ አድርግ፣ ጆሮህ መጮህ ሲጀምር ዝም አትበል፣ የእግርህን ጡንቻ ጭብጥ አድርገህ ያዝ አለችኝ። የነፍስ አባታችንንም ጠየቅኋቸው፤ ለመስቀል ብዬ መጾሜን ሰምተው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ንቅሳት ቁርባን አይደለም፣ ልጄ፣ ብላ አሉኝ።

ምሕረትን ማሳመን ከባድ ነበር። ሁለቴ ኣይፋል፣ አይሆንም አለችኝ። በሦስተኛው ደብተሩን ይዤላት ሄድኩ። አሥራ አንዱን ቀን አነበብኩላት። የምትፈራው እኔን መግደል ከሆነ እንደማልሞት በጽሑፍ እንዳለኝ ነገርኳት። ደብተሩን ከእጄ ወስዳ ዘጋችና ከገና በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ እግሬን የሚይዝ ሰው ካመጣሁ፣ እሺ አለች። ያመጣሁት ዘርኣይን ነው። ሌላ የሚስቅብኝ ሰው ማብዛት አልፈለግሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ፉል በባኒ ዳቦ በላሁ፣ ስኳር የበዛበት ሻሂ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ። በአልጋችን ላይ ተጋደምኩ፣ አንቺ በምትተኚበት በኩል፣ ብርሃን የሚገባው እዚያ ስለሆነ። መስኮቱን ወለል አድርገን ከፈትነው፤ ያየ ይይ። ዘርኣይ እግሬን ትከሻው ላይ አደረገ። መርፌው ነካኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ እግሬን ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ጨበጥኩ። የመስቀሉ የላይ ክንድ አለቀ። የግራው አለቀ። በቀኙ መጨረሻ ላይ ጆሮዬ ጮኸ፣ የዘርኣይ ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነ። ያኔ ዝም አላልኩም፤ ቁሚ አልኳት። እግሬን ወደ ላይ ገፉት። ላቤ ትራሱን አረጠበው።

ምሕረት ጎንበስ ብላ አየችኝ። «አያ ወልዱ፣ ሦስት ክንድ ይበቃል። እሷም ብትሆን ተው ትልህ ነበር» አለች።

«ተው አትለኝም» አልኳት። «ጨርሺው።»

ያኔ ምሕረት ለደንበኞችሽ የምትዪውን አለችኝ። ገና ሳትጀምሪ እንኳ ትያቸው የነበረውን። «ኣጆኻ፣ ቁሩብ እያ ተሪፋ።» አይዞህ፣ ትንሽ ናት የቀረችው። ስንት ሰው በዚህች ውሸት አስጨርሰሻል። እኔ ሁልጊዜ ፎርቶ ላይ ስለነበርኩ አንድ ጊዜ እንኳ ሰምቼያት አላውቅም ነበር። በሰው አፍም ቢሆን ሰማኋት። አራተኛው ክንድ አለቀ፣ ዙሪያውን ያሉት ነጥቦች አለቁ። ራሴን አልሳትኩም፣ ለተይ። ዘርኣይ እግሬን ሲያወርድ ምንም አልቀለደም። ዓይኑን ወደ መስኮቱ አድርጎ ትከሻውን ብቻ አሸ።

ምሕረት ጥር ሃያ ቀን ሄደች። የተረፈውን ጥላሸት በጠርሙስ፣ መርፌዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባሏ ሐሳቡን ከለወጠ እልክላታለሁ፤ ካልለወጠም በሱቁ መደርደሪያ ላይ ከሚሸጡት ለይቼ አኑሬያቸዋለሁ።

ክንዴ አሁን ድኗል። ትናንት ከቤት ጊዮርጊስ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ጥልፍ ክር እየመረጡ ሳለ ክሩን ስመትር እጅጌዬ ወደ ላይ ሸሸ። እጄን ያዙኝ። የራሳቸውን ክንድ ገልጠው ከእኔው ጎን አስቀመጡት፤ የእሳቸው ደብዝዟል፣ የእኔ ገና ጥቁር ነው፤ ነጥቦቹ ግን በአንድ ቦታ ናቸው። ይህ የለተብርሃን እጅ ነው አሉኝ። የምሕረትም ነው፣ ያስተማረቻት ለተብርሃን ናት፣ እኔም ባሏ ነኝ አልኳቸው። ክሩን ትተው ተቀመጡ። አንቺ የነቀስሻቸው በሠርጋቸው ዋዜማ እንደነበር፣ እንዴት እንደ ጮኹ፣ አንቺ እንዴት እንደ ዋሸሻቸው ነገሩኝ። እኔም ስለ ተሰበረው እንስራ ነገርኳቸው። ሌላ ደንበኛ ገብቶ ቆሞ ነበር፤ አላስተናገድኩትም።

ከእንግዲህ እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የምሸጠው። ይህን ማን ሠራልህ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስምሽን እነግረዋለሁ። ላልጠየቀኝም እነግረዋለሁ።

ባልሽ ወልዱ