ሠላሳ አንድ መስታወት

ቻሽማሶር፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለናዚራ፣

ሳሉ ተወሽ? በስልክ ስሰማሽ ደረትሽ አልጠራም። የጀርመን ሐኪም ያዘዘልሽን አትተዪ፤ ግን የላት ስብ አቅልጠሽም ታሺበት።

ትናንት አጎት ሾድሞን መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ።

«ልጅሽ ሌባ ብላ ለኮከብ መመልከቻ ጣቢያው ኃላፊ ጽፋብኛለች። በዘጠና ሦስት ክረምት መስታወት ላይ የተነሱትን የኮከብ ፎቶዎች የመዝገብ ቤት ጠባቂ ሆኖ ሸጣቸው አለች አሉ። ብሰርቅ በግ አልሰርቅም? መስታወት ይበላል?»

«ግባና ሻይ ጠጣ» አልኩት።

«ከኖውሩዝ በዓል በፊት ኮሚቴ ይቀመጣል። ከጣቢያው ቤት ያስወጡኛል። በሰባ አንድ ዓመቴ ምራቴ ጋ ልገባ ነው፤ ምራቴን ደግሞ ታውቂያታለሽ!» ብሎ ሳቀ። ስለ እኔ አንድ ቃል አላነሳም። ሃያ ስድስት ዓመት አላነሳም።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። መስታወቶቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ያን የጦርነት ክረምት ከታች መንገዱ ላይ የመድፍ ጥይት ፈነዳና መስኮታችን ረገፈ። አባትሽ ከተማ ወርዶ መንገዱ ተዘጋበት። አንቺ የሰባት ወር ልጅ ነበርሽ፤ ደረትሽ ያፏጫል። ላስቲክ ወጠርኩ፣ ነፋሱ ቀደደው። ገበያ ላይ መስታወት የለም፤ ገበያውም የለም። ሾድሞን የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝና «ሶዳ አብዢበት፣ አለዚያ የፎቶው ጥቁር አይለቅም» አለኝ።

ለበሩ የቀረቡትን አነሳሁ። ሁሉም አባትሽ ያነሳቸው የሪጌል ፎቶዎች ነበሩ፤ ጃቦር በምንለው በአዳኙ የከዋክብት ምስል እግር ላይ ያለው ያ ሰማያዊ ግዙፍ ኮከብ። አንድ ኮከብ ሠላሳ ጊዜ ፎቶ ቢነሳ ያው ኮከብ መሰለኝ። በሙቅ ውሃ ፋቅኳቸው፤ ሠላሳ አንዱንም በጭቃ አያይዤ መስኮት ሠራሁ።

አባትሽ ሲመለስ መስኮቱን አየ፣ አንቺን አየ። «ሪጌል ነገም ይወጣል» አለ። ይወጣል። ግን እንዲህ ያለ ኮከብ ሁለት ሌሊት አንድ ዓይነት እንደማይሆን ያስተማረሽ እሱ ነው። ከፀሐይ እጥፍ የጋለ ነው፤ ያለውን አንድዶ ቶሎ ይጨርሳል፣ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፣ ገላውን እያራገፈ ይበትናል። የዚያን ክረምት ሪጌል ዳግም የሚያየው የለም። አባትሽ ይህን ያውቅ ነበር። እስኪሞት ድረስ ግን ስለ መስኮቱ ያለኝ ነገር ቢኖር «ጭቃው ተሰንጥቋል፣ ልድገመው?» ብቻ ነው።

ለጥናትሽ እንደሚያስፈልጉሽ አውቃለሁ። የሉም፤ ፍለጋውን ተዪ። ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ጋ ሄጄ ተናገርኩ። «ለጎረቤቷ ብላ ነው ይሉኛል፤ የከሰሰችው ልጅሽ ናት፣ ክሱን ራሷ ታንሳ» አለኝ። ስለዚህ ጻፊለት። የወሰደችው እናቴ ናት ብለሽ ጻፊ። ሾድሞንንም ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ ሲቀልድ አትመኚው፣ ሻዩን ሳይጠጣ ነው የሄደው።

ከታች በግራ በኩል ያለውን አንዱን ቸኩዬ ነበር የፋቅኩት፤ ጥጉ ላይ ጥቁር መስመሮች ቀርተዋል። መቆም ስትጀምሪ በጣትሽ ትፍቂው የነበረው እሱን ነው። ዛሬ ነቅዬ አወጣሁት። በአባትሽ እጅ የተጻፈ ቁጥር አለበት፣ 214። በፎጣ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ወደ አንቺ አገር በሚሄደው በመንደራችን ሐኪም ልጅ ልኬልሻለሁ። የሚያሳይሽ ነገር ካለ እዪበት።

አላህ ደረትሽን ያጥራልሽ፣ እጅሽንም ለእውነት ያቅናልሽ።

በመስኮቱ ቀዳዳ ካርቶን ለጥፌበታለሁ። አይበርደኝም።

እናትሽ ኦይጃሞል