የሒሳብ ክፍሉን በር ያስነቀሉት ርዕሰ መምህርት

ዛሬ የምንሸኛቸው የቀድሞዋ ርዕሰ መምህርት ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቂም የማይረሱ ሰው ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቀን ሟች ሁሉ ሆደ ሰፊ ነበሩ ተብሎ ይነበባል፤ ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ግን እንዲያ ብላ ብትዋሽ ከሳጥኑ ውስጥ ብድግ ብለው የሚያርሟት ይመስላታል።

ትምህርት የጀመሩት ከዚህችው ታናሽ እህታቸው ጋር ነው። በአንድ ዓመት ቢበላለጡም እናታቸው፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ደብተር ትገለብጥላታለች ብለው አንድ ክፍል አስገቧቸው። በ1961 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ሳሉ፣ ታናሽየዋ ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ሁለተኛው ለምን እንደሚገለበጥ ጠየቀች። ገና ከማሠልጠኛ የወጡት ወጣቱ የሒሳብ መምህር ሰሌዳው ፊት አቆሟትና ለሃምሳ ሁለት ተማሪ፣ "እዩዋት ይህችን ልጅ። ጭንቅላቷ ባዶ ነው፤ መርፌና ክር ስጧት" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በማግስቱ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ተለመነች፣ ተቆጧት፣ በጄ አላለችም። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ታላቅየዋ ደግሞ የዚያኑ ዕለት መምህር ለመሆን ወሰኑ።

በ1968 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሦስት ትምህርት ቤቶች ሳይንስ አስተማሩ። በ1973 ዓ.ም. የእንጨት ሥራ መምህር የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በ1981 ዓ.ም. ርዕሰ መምህርት ሆነው ሲሾሙ የት መሥራት እንደሚፈልጉ ቢጠየቁ፣ ያንኑ የልጅነት ትምህርት ቤታቸውን መረጡ። የሒሳብ መምህሩ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ያስተምሩ ነበር።

እህትየዋ ሹመቱን እንደሰማች የስፌት መኪናዋን ዘግታ ወደ እሳቸው በረረች። መቼ ነው የምታባርሪው አለቻቸው። እሳቸውም፣ "ባባርረው ሌላ ቦታ ሄዶ የሌላ ሰው እህት ሰሌዳ ፊት ያቆማል። እዚሁ ዓይኔ ሥር ሆኖ ማስተማር ይማራታል" ብለው መለሱላት። እህትየዋ ሁለት ወር ሙሉ አኮረፈቻቸው።

ርዕሰ መምህርቷ ግን ሥራቸውን ያዙ። እያንዳንዱ መምህር በሳምንት አንድ ቀን የባልደረባውን ክፍል ገብቶ እንዲያይ አደረጉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በመምህራን ማረፊያ ተሰብስቦ፣ በሳምንቱ ያልተሳካለትን ትምህርት እንዲናገር ጠየቁ። አፍ የከፈተ ሲጠፋ ራሳቸው ጀመሩ፤ ስለ ዕፅዋት ሥር አርባ ደቂቃ አስተምረው አንድም ልጅ እንዳልገባው ተናገሩ። መጀመሪያ ላይ ስለላ ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። በዓመቱ ጀማሪው ከነባሩ፣ ነባሩም ከጀማሪው መማር ለመደ። የሒሳብ መምህሩ ብቻ በራቸውን አልከፍትም አሉ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ርዕሰ መምህርቷ ባለቤታቸውን አስከትለው መጡና በሩን ከነማጠፊያው አስነቀሉት። ለጥገና ነው ተባለ። ጥገናው ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ርዕሰ መምህርቷ ማክሰኞ ማክሰኞ የሒሳብ ክፍሉ የኋላ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሲወጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ያልገባው ማን ነው? መምህሩ መልሱን ካላወቁ ርዕሰ መምህርቷ በማግስቱም ይመጣሉ። ሰውየው ከስተው መነመኑ። ሁለት ጊዜ ዝውውር ቢጠይቁም፣ ሁለቱንም ጊዜ ርዕሰ መምህርቷ "ለትምህርት ቤታችን እጅግ ያስፈልጉናል" ብለው ጽፈው አስቀሯቸው። ያንን ደብዳቤ ሲጽፉ ፈገግ ይሉ እንደነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። በአራተኛው ዓመት መምህሩ ወረቀት እየቆራረጡ ክፍልፋይን በእጅ እያስነኩ ማስተማር ጀመሩ። በስድስተኛው ዓመት ጀማሪ መምህራን የእሳቸውን ክፍል ለማየት ይሻሙ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ተሸለሙ፣ ተጨበጨበላቸው። እህትየዋ ተጠርታ አልሄደችም። ያ ሁሉ ልፋት ሰውየውን ጎበዝ አስተማሪ ማድረጉ ዛሬም ያበግናታል።

ርዕሰ መምህርቷ በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የኩላሊት ሕመም ጠናባቸው። የሒሳብ መምህሩ ሆስፒታል እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። አንድ ቀን እህትየዋ ከመጋረጃው ወዲያ ፎጣ ስታጣጥፍ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያን ጊዜ ጥያቄዋ ትክክል ነበር። መልሱን የማላውቀው እኔ ነበርኩ" ሲሉ ሰማች። ርዕሰ መምህርቷ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ያዋረዷት ሰው ፊት ነው፤ የሚነግሯትም ሰው ፊት ይሁን" አሏቸው። መምህሩ እሺ አሉ። ሦስት ወር አለፈ፤ ትንፍሽ አላሉም።

ርዕሰ መምህርቷ ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና በር ከፍተው የሚያስተምሩ ብዙ መምህራንን ትተው ሄደዋል። አምላክ ለነፍሳቸው የደከመ ሰው የሚያገኘውን ዕረፍት ይስጥልን። ቂማቸውን ታናሽ እህታቸው ተረክባለች።

ከዚህ ንባብ ቀጥሎ የሒሳብ መምህሩ ንግግር ያደርጋሉ። በመርሐ ግብሩ መግባታቸው አስቀድሞ አልተነገራቸውም፤ ቤተሰቡ ግን ከፊት ረድፍ ወንበር ይዞላቸዋል። ድምፅ ማጉያው ተከፍቷል። የሟች ታናሽ እህት ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።