አያ ሙላት የሌሉበት ቪዲዮ

ሰኞ

አያ ሙላት የሉም። ከጠዋት ጀምሮ የትናንቱን የሰርግ ቀረጻዬን ወደፊት ወደኋላ ሳመላልሰው ዋልኩ፤ የሉም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲበላ አለ። ድንኳን የተከሉት ልጆች አሉ። የሙሽራው ሾፌር እንኳ አለ፣ ያውም ሲያዛጋ። ሙሽራዋን ስመኝን አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት አጎቷ፣ ጉልበታቸው ሲሳም፣ የሉም!

ጥፋቱ የፊልም ፍቅሬ ነው። ሙሽሮቹ ወደ አያ ሙላት ጉልበት ሲያጎነብሱ የስመኝ እናት እትዬ ጥሩ ጥግ ይዘው ቆመው አየኋቸው። ነጠላቸውን ነክሰው። ያ ፊት! ካሜራዬን እዚያው ተከልኩት። የምወደው ዳይሬክተር እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሰው ሁሉ ወደ ግርግሩ ሲሮጥ እሱ አንዲት ዝም ያለች ሴት ላይ ይቀራል። ግን እሱን ማን ፍኖተ ሰላም መጥተህ ሰርግ ቅረጽ አለው?

ማክሰኞ

ስመኝ ደወለች። ጉልበት ስሞሹን ቀንጭቤ፣ ዘፈን ጭኜበት ልኬላት ነበር። ምን አስቸኮለኝ! «አባዬስ?» አለች። አጎቷን አባዬ ነው የምትላቸው። እንዳልቀረጽኳቸው ነገርኳት።

ከሰዓት ወሬው እሳቸው እስከሚኖሩበት ቡሬ ገጠር ደርሶ፣ አያ ሙላት ሐሙስ መልሱ ላይ አልገኝም አሉ ተባለ። ያለ እሳቸው ምን መልስ አለ?

ሥራ አልሆንልሽ አለኝ። ልርሳው ብዬ አንድ የድሮ ፊልም ከፈትኩ። ተዋናይቷ የሞተ ባሏን ሸሚዝ የምታጥፍበት አለ። አታለቅስም፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፋለች። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቤ መጀመሪያ ሳያት ሰዉ «ምናለ ብታለቅስ!» እያለ ሲያጉረመርም እኔ አልቅሼላት ነበር። ዛሬ እሷም አላጽናናችኝም። አጠፋሁት። መልሼ ከፈትኩት። መብራት ሄደ።

ረቡዕ

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ ላፕቶፔን ታቅፌ በእግሬ፣ በአቧራ። አያ ሙላት በቆሎ ሲፈለፍሉ ደረስኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሙሽሮቹ እንደገና ይልበሱና እንቅረጸው» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

«ምርቃት ይደገማል እንዴ፣ አንቺ ልጅ? ነገ ልጆቿ አይተውት ‹ማን አሳደገሽ?› ቢሏት ማንን ታሳይ?»

ቢያንስ ያሳተኝን ይዩት ብዬ የእትዬ ጥሩን ፊት ከፈትኩላቸው። ከሰኞ ጀምሮ ድምፁን ዘግቼ ነበር የምሠራው፤ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ዘፈን ይጫንበታል እንጂ የቦታውን ድምፅ ማን ይሰማዋል? አሁን ግን ከፍቼው ኖሯል።

«ወንድሜ ቢኖር የእሱን ጉልበት ነበር የምትስሚ። በእሱ ፈንታ እኔ ልመርቅሽ። ውለጂ፣ ክበጂ።»

ሁለታችንም ደነገጥን። የራሳቸው የአያ ሙላት ድምፅ ነው። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን የነከሱት እሳቸው «ወንድሜ» ሲሉ ነበር።

«መልሺው እስቲ» አሉ። መለስኩት። ነገ ይመጡ እንደሆን ብጠይቃቸው ወደ በቆሏቸው ዞሩ። ጀርባውን ብቻ ሰጥቶ ሰው የሚያስለቅስ አንድ ሽማግሌ ተዋናይ እወዳለሁ፤ እሱን መሰሉኝ። ግን የእሱ ጀርባ ምን እንደሚል ይገባኛል። የእሳቸው አልገባኝም።

ሐሙስ

ጉልበት ስሞሹ ላይ ዘፈን አልጫንኩም። የሙሽራው ወገን ምን ይል ይሆን እያልኩ ደጋግሜ ስከፍተው ረፈደ።

እትዬ ጥሩ ቤት ሰዉ ሞልቷል፤ የአያ ሙላት ቦታ ባዶ ነው። ስመኝ በሩን በሩን ታያለች። እኔም። ምሳ ተበልቶ ቪዲዮው በቴሌቪዥን ሲከፈት አያ ሙላት በትራቸውን ይዘው ገቡ። ማንንም ሳያዩ ተቀመጡ።

ጉልበት ስሞሹ ደረሰ። የእትዬ ጥሩ ፊት፤ ዘፈን የለም። «ተበላሸ እንዴ?» አለ አንዱ። አያ ሙላት አጠገብ የነበሩ ሽማግሌ አንገታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስግገው፣ «ሙላት፣ አንተ የታለህ? አትታይም እኮ» አሏቸው።

«ዝም በልና ስማ» አሉ አያ ሙላት።