«ያኑርሽ» ያለው ዲዳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ባያብል ዛሬ ጠዋት ሊያናግረኝ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። «ምነው፣ ሱባኤ ገባህ እንዴ?» ብዬ ቀለድሁበት። ዓይኑን ሳየው ግን ሳቄ ደረቀ። ባሌን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ትኩሳት የለው፣ ጉሮሮው አላበጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ።

ጊዜ መምረጡ! እሑድ ሽምግልና አለ። የርብ ወንዝ በዚህ ክረምት መሄጃውን ለውጦ የወንድሜን የደሴን ግጦሽ ወደ ባያብል ወንድም፣ ወደ ሙሉ ማዶ አሻገረው። ደሴ «መሬቱ የአባቴ ነው» ይላል። ሙሉ ደግሞ «ድንበራችን ወንዙ ነው፤ ወንዙ ከሰጠኝ እኔ ምን ላድርግ!» ባለፈው ዱላ ሲማዘዙ ነው ያስጣልናቸው። ፍርዱን በአፉ እንዲናገር የተመረጠው ታዲያ ማን ነው? ባያብል!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 4

ወሬው ወረታን አዳረሰ። አንዷ ቡዳ ነው ትላለች፣ አንዷ ዛር። ሙሉ መጥቶ «መተት ነው፤ ከማን ወገን እንደመጣም አላጣነውም» ብሎ ገላመጠኝ። ደሴ ደግሞ «አስመሳይ! ላለመፍረድ ነው» አለ። ሁለቱንም ከቤቴ አስወጣሁ።

ጎረቤቴ ዘይነባ ከሱቋ ማር ይዛለት መጣች። «ይሄ ካላዳነህ፣ አቶ ባያብል፣ እኔ አወራልሃለሁ፤ ወሬ መች ቸገረኝ!» አለች። እሱም ሳቀ፣ ትከሻው ብቻ እየተንቀጠቀጠ። ማሩ አለቀ፤ ድምፁ ግን የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5፣ አቦ

ይሄን ማን ያምነኛል? በርበሬ ስነፋ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዶሮዎቹ እስኪበረግጉ አነጠሰ። «ይማርህ!» አልሁ።

«ያኑርሽ!» አለኝ።

ጥርት ባለ ድምፁ! ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። «ድገመው!» አልሁት። ታገለ፣ ታገለ፤ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። አስመሳይ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያስመስል ሰው ተያዝሁ ብሎ ያፍራል እንጂ እንደዚያ አያለቅስም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 6

ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። ድሬሰሩ ጉሮሮውን በባትሪ አየ፤ «እስኪ ያስሉ» አለው። ሳሉ ቤቱን ሞላው። የማስነጠሱንም ነገር ነገርሁት።

«እትዬ እናኑ፣ ጉሮሮው ደህና ነው። የያዘው ጭንቀት ነው። አውቆ ያደረገው አይደለም፤ ሕመሙ እውነት ነው።»

«መርፌ የለውም?»

«ለዚህ የለውም። ለመሆኑ ምን መናገር ፈርተው ነው?»

መርፌ የማይወጋ ደግሞ ምኑን ሐኪም ሆነ ብዬ ነበር። መንገድ ላይ ሳስበው ግን፣ ሰው ሲያዝን ዓይኑ ውሃ ያፈሳል፤ ዓይኑ ታመመ አንልም። ሲደነግጥ ጉልበቱ ይከዳዋል። ጭንቅ ድምፅ ቢያስቀር ታዲያ ምን ይገርማል? ወይ ሆድ፣ ስንቱን ትችላለህ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7

ፊት ለፊቱ ቁጭ አልሁ። «ፍርዱን ተወው። ለሁለቱም ዘመድ ነህ፤ አልችልም በላቸው» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ገብቶኛል፤ አገር መርጦት እምቢ ማለት ነውር ነው። መፍረዱ ጠብ፣ አለመፍረዱ ነውር።

«ደሴን ለእኔ ተወው፤ ኩርፊያው ከበዓል አያልፍም። አንተ ዲዳ ሆነህ ከቀረህ ግን ማን ይጨቀጭቀኛል? በማን ልናደድ?»

ሳቀ። ከውስጡም እንደ አሮጌ በር ሲጥ የሚል ነገር ወጣ። ሰማሁት! እሱም ሰምቷል። እንዳላስደነግጠው ያልሰማሁ መስዬ እሳቱን ቆሰቆስሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 8

ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። እኛ ሴቶቹ ራቅ ብለን ቆምን። ባያብል ተነሣ። አፉን ከፈተ፤ የለም። ደሴ አጉረመረመ። ዘይነባ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ለሁለቱም… ዘመድ ነኝ» አለ። ሻካራ ነው፤ ግን ድምፅ ነው! «አልችልም። ሌላ ሰው ይፍረድ።»

አንድ ሽማግሌ «ይቺን ለማለት ነው እንዲህ የታመምኸው?» ቢሉ ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ነውርም አላሉት፤ ከቁሐር ሚካኤል ለሁለቱም ባዕድ የሆነ ዳኛ ሊያመጡ ተስማሙ። ደሴና ሙሉ ሁለቱም አኮረፉት። ጎን ለጎን እያሙት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አየኋቸው፤ ከክረምት ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነው።

ባያብል ቤት ከገባ ወዲህ አፉን አልዘጋም፤ ስለ በሬው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ወጡ ጨው። ነገ ሲነሣ ድምፁ ይኑር አይኑር እንጃ። ለዛሬ ግን ጆሮዬ ደከመ፤ ተመስገን።