ልጣፉ ከውስጥ ነው

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ረቡዕ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሃና ጉልላት፣ ፕራግ

ልጄ ሃና፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጉልበቴ እንዳትጠይቂኝ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት አሁንም በእግሬ ነው የምወጣው፤ ታክሲ የሚይዙት ወጣቶቹ ናቸው።

ይህን በእጄ ጽፌ የኋላውን ክፍል የተከራየችው ነርሷ ቡርቱካን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ደውለው ቢነግሯት አይቀልም ወይ ብላኝ ነበር። በስልክ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይነበብም አልኋት። ለፊልምሽ ድምፄን ስለ መጠየቅሽ የምሰጠው መልስ መጨረሻው ላይ ነው። ዘለሽ ወደ ታች እንዳትሄጂ፤ በተራው አንብቢ።

ፊልምሽን ቅዳሜ ከሰዓት አየነው። ቡርቱካን ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ አደረገችልን። ጎረቤታችን ማሚቴ መጣች፣ ሸማኔው ሾዴም ሥራውን ጥሎ መጣ። ሾዴ ገና ሳይጀመር ሥዕሉ ትንሽ ነው ብሎ አጉረመረመ። ጠፈርን የሚያህል ነገር በዚህ ሰሌዳ እንዴት ይገባል አለ።

መጀመሪያው ጥሩ ነው። ካፒቴኗ ሩታ ደስ ትላለች። ስትቆጣ ትቆጣለች፣ ስትስቅ ደግሞ መርከቧ ትነቃነቃለች። ሾርባ ቀምሳ ወሬ ሲይዛት ማንኪያውን አየር ላይ ስትረሳው፣ ማንኪያውም እዚያው ሲንሳፈፍ፣ ማሚቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ነው ያየሁት። እናትሽ ታየችም ማንኪያ ይዛ ስታወራ ወጡ እንደሚያርር አንቺም እኔም እናውቃለን።

ከዚያ ገደልሻት።

ማሚቴ አለቀሰች። ሾዴ አላመነም። በእንዲህ ዓይነት የሰማይ ፊልም ሰው ሞቶ አይቀርም፣ በመድኃኒት ወይም በመብራት ያስነሱታል ብሎ የሠራተኞቹ ስም ሁሉ አልፎ ሥዕሉ እስኪጠቁር ድረስ ተቀምጦ ጠበቃት። አልተነሣችም።

እኔ የተናደድሁት በሌላ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎሚስታ ነበርሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የመጀመሪያውን ጎማ የፈታሁት በድንጋይና በማንኪያ ነው። አንቺ መርከቧን በጠጠር አስበሳሽ፤ ይሁን፣ ይበሳል። ካፒቴኗ ግን ውጭ ወጥታ ከውጭ ለጠፈችው! በውስጡ አየር የታጨቀ ነገር ከውጭ አይለጠፍም። አየሩ ልጣፉን ገፍቶ ይጥለዋል፤ ጣለውም፤ እሷንም ይዟት ሄደ። ከውስጥ ቢለጠፍ ኖሮ ያው አየር ራሱ ይዞ ያጣብቀው ነበር። ከዋክብት ድረስ የሚሄድ ሰው አንድ ጎሚስታ አይጠይቅም? በድሮ ታሪክ ሰው ቢሞት መድኃኒት አልነበረም ይባላል። ሁሉ ነገር በሚቻልበት ፊልም ግን የሚሞተው ደራሲው ስለፈለገ ብቻ ነው። ይህን በዚያው ቀን አስጽፌ ልኬልሽ ነበር።

አንቺም መለስሽልኝ፦ «አባባ፣ ከውስጥ ከለጠፈችው ትድናለች። ከዳነች ደግሞ ፊልም የለኝም።»

በዚያው ላይ የሚናገረውን የመርከቧን ማሽን ድምፅ፣ አሁን ባለው ጊዜያዊ ድምፅ ምትክ እኔ እንድናገረው፣ ዓርብ ሳይደርስ እንድልክልሽ ጠየቅሽ። እምቢ አልሁ። ደግሞ ቅር አለኝ። ሰው ለአባቱ ንጉሥ ሁንልኝ ይላል፣ ቢያንስ ዳኛ፤ አንቺ ማሽን አደረግሽኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፋችን ላይ ክርክር ተነሣ። ማሚቴ እንዲህ ያለውን ፊልም የሚሠራ ሁሉ ጨካኝ ነው አለች። የሚጠላው ሰው ሞልቶ ለምን የሚወደደው ይሞታል? ያ ሰነፉ መካኒክ እያለ? እኔም ደገፍኋት። ሾዴ ግን ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው።

«ያ ሰነፍ ቢሞት ዛሬ እዚህ ቁጭ ብለን ስለ እሱ እናወራ ነበር?» አለ።

ማሚቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሾዴ ልክ ሲሆን አልወድም።

ሰኞ ኮምፒውተሩን ተውሼ ብቻዬን ደግሜ አየሁት። በመጀመሪያው ጊዜ በልጣፉ ተናድጄ ከካፒቴኗ ሞት በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁትም ነበር። ልጇ ምድር ላይ ሆና በየሳምንቱ ትደውላለች። ማሽኑ ያነሣል። «እናትሽ ጥገና ላይ ናት፤ ስትጨርስ ትደውልልሻለች» ይላል። ልጅቱ እሺ ትላለች። እንደገና ትደውላለች። ቆጠርሁ። ሰባት ጊዜ።

እኔ «እናትሽ እንጦጦ ጸበል ገብታለች፤ ስልክ አያስገቡም» ያልሁሽ ሰባት እሑድ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ስትደውዪ ታየች ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ድንኳኑ እግቢው ውስጥ ቆሞ ሰው ሞልቶታል። ስልኩን ይዤ ቆርቆሮው በር ድረስ ሄጄ ነው ያናገርሁሽ። የምን ጫጫታ ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። የጎረቤት ሠርግ ነው አልሁሽ። ፈተናሽን በጨረስሽ ማግስት እዚያው ፕራግ ያሉት ፀጋና ጓደኞችሽ በማለዳ መጥተው መርዶውን ነገሩሽ። እንዲነግሩሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ደፍሬ ግን አልነገርሁሽም። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፤ አንቺም አንስተሽብኝ አታውቂም።

ከዚህ በላይ አንድ መስመር ጽፌ ሰርዣለሁ፤ ስርዙ ይታይሻል። ፈተናውን በጥሩ ነጥብ ማለፍሽ የእኔን ልክነት ያሳያል የሚል ነበር።

ለታየች ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ተቀምጧል። ማሚቴ ሙያዋን አወራች፣ ሾዴ ቀልዷን አወራ፤ እያለቀስን የሳቅንበት ሰዓት ነበር። አንቺ ስታውቂ ድንኳኑ ተነቅሎ ወንበሩ ለእድር ተመልሷል። የተቀመጠልሽ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ይህች ልጅ ጠንካራ ናት ብዬ ኮራሁብሽ።

ለካ ሰው ድንኳን ሲያጣ ፊልም ይሠራል። ሰው ሁሉ እንዲወዳት አድርገሽ ገደልሻት፤ ማሚቴም ለማታውቃት ሴት ከልቧ አለቀሰች። የሌሎቹን ደራሲዎች ነገር አላውቅም፤ ምናልባት ለገበያ ይሆናል። ያንቺ ግን ገባኝ። ስለዚህ ካፒቴኗ ትሙት። ፈቅጃለሁ።

አሁን ድምፁ። ትናንት ቀዳሁት። ቡርቱካን ስልኩን ያዘች። መንገዱ ጫጫታ ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ወያላው «ፒያሳ፣ ፒያሳ» እያለ ገባበት። ጠፈር ላይ ታክሲ የለም ብላ አስደገመችኝ። በመጨረሻ ጋቢ ከነራሴ ተከናንቤ ሠራነው። ማሚቴ በመስኮት አይታኝ፣ ጉልላት ሊመነኩስ ነው ብላ ለሰፈሩ ነግራለች።

ሰባቱን ውሸት በአንድ ትንፋሽ ጨረስሁ፤ ልምድ አለኝ። መጨረሻው ላይ ማሽኑ ለልጅቱ እናቷ መሞቷን የሚነግርበት ቃል ግን ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀ። አንቺ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። እኔ በእሱ ላይ ሌላ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። ስናገረው ቡርቱካን ስልኩን እዚያው አስቀምጣ ወደ ግቢ ወጣች። ለፊልሙ የማይሆን ከሆነ ቁረጪው፤ አልቀየምም። አንቺ ግን ስሚው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አልላክሁትም። ለፀጋ ነው የላክሁት። ነገ ሐሙስ ጠዋት በማለዳ ትመጣለች፤ ለዓርቡ ይደርስልሻል። አንድ ሁለት ጓደኞችሽን ይዛ እንድትመጣ አዝዣታለሁ። በሩን ክፈቺላቸው፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ክፈቱት። ብቻሽን እንዳትሰሚው። እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ አይሰማም።

እኔም በዚያ ሰዓት ማሚቴንና ሾዴን እቤት ጠርቻቸዋለሁ። ንፍሮ አለ። ስትጨርሺ ደውዪ፤ እኔው ራሴ አነሣለሁ።

የእንጦጦዋ ማርያም ከፊትሽም ከኋላሽም ትሁን። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ያስለቀስሽው ሰው ሁሉ መልሶ ይሳቅ። ከእኔ ዕድሜ ተቀንሶ ባንቺ ላይ ይጨመር፤ ብዙ አይደለም፣ የጉልበቴን ብቻ ያስቀርልኝ።

አባትሽ
ጉልላት ወልደ ሥላሴ

የሚጨመር፦ በወረቀቱ ጀርባ የመርከቧን ቀዳዳና ልጣፉን ሥዬልሻለሁ። ካፒቴኗ መሞቷን ተቀብያለሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጊላት፤ ልጣፉ ከውስጥ ነው።